ካብ ለካብ፦ የሃላላ ድንጋይ የማንም ካርታ አይደለም

ሰሞኑን ሁለት ዓይነት ሰው አናዶናል። ከሁለቱም ጋር ያገናኘን አንድ ፎቶ ነው፤ በዳውሮ ተራራ ትከሻ ላይ እንደ ዘንዶ የተጋደመ የድንጋይ ካብ። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ሰው ከሥሩ «የኢትዮጵያ የቻይና ግንብ!» ብሎ ጻፈና ሦስት ባንዲራ ደረደረበት። ሁለተኛው ሰው አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ «ይኸው! ድንበራችን የት ድረስ እንደነበር ድንጋዩ ራሱ ይመስክር!» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ስለ ካቡ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ሳይገኝ መቶ ሰው ተሰዳደበ።

እንግዲህ እኛም በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር እንጣላለን። የመጀመሪያው ካቡን መኩራሪያ አደረገው፣ ሁለተኛው መክሰሻ አደረገው። ካቡን ያነበበው ግን የለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። ቻይናና ሮምም ስላሉበት እንዳይደበላለቅብን ብለን ነው፤ ይቅር በሉን።)

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው?

ዳውሮ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ኦሞና ጎጀብ ወንዞች ያቀፉት አገር ነው። ከተማው ታርጫ ይባላል። ዳውሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምኒልክ መንግሥት ሥር እስኪገባ ድረስ የራሱ ነገሥታት ነበሩት፤ ንጉሡን «ካቲ» ይሉታል። ካቡ በስሙ የሚጠራው ካቲ ሃላላ ከነዚህ ነገሥታት አንዱ ነው። የአገሬው ሰው ሲያወራ ካቡን ከሃላላ በፊት የነበሩ ነገሥታት እንደጀመሩትና ሃላላ ዳር እንዳደረሰው ይናገራል። ያም ማለት ሥራው የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም፤ አያት ጀምሮት የልጅ ልጅ የሚጨርሰው ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እናርም። ግንብ አይደለም፤ ካብ ነው። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ግንብ ድንጋዩን የሚያያይዝ ጭቃ ወይም ኖራ አለው። ካብ ምንም የለውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ትንሹ ትልቁን ይደግፋል፣ ሁሉም በገዛ ክብደቱ ይቆማል። ስለዚህ ካብ ተሠርቶ አያልቅም። ዝናብ ይሸረሽረዋል፣ ከብት ይንደዋል፣ የዛፍ ሥር ይፈነቅለዋል፤ በየጊዜው የሚመልሰው ሰው ይፈልጋል። ያንን ሁሉ ድንጋይ ያለ ማሽንና ያለ ሲሚንቶ ገደል ለገደል ተሸክመው የካቡት ሰዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም። የተረፈልን የንጉሡ ስም ብቻ ነው።

ርዝመቱስ? በየቱሪዝም ጽሑፉ የሚጠቀሰው 175 ኪሎ ሜትር ነው። ካቡ ሰባት ረድፍ አለው ስለሚባል ደግሞ አንዳንዱ ሰው 175ን በሰባት ያባዛና 1,225 ኪሎ ሜትር ብሎ ያውጃል። ወገን፣ ማባዛት ቅየሳ አይደለም! ቻይናዎች ግንባቸውን 21,196 ኪሎ ሜትር ነው ብለው በ2012 ሲያስታውቁ ከዓመታት የመስክ ልኬት በኋላ ነው። እኛ በካልኩሌተር ጨረስነው።

ከዚሁ ወደ መጀመሪያው ሰውዬ እንምጣ።

«የኢትዮጵያ የቻይና ግንብ» የሚለው ሙገሳ ለእኛ ስድብ ነው። ልጅሽን ሰው ሁሉ «የእከሌን ልጅ ትመስላለች» እያለ ቢያሞግሳት ደስ ይልሻል? የራሷ መልክ የላትም ወይ? ደግሞ የቻይናውን ግንብስ በደንብ አውቀነው ነው? ከጨረቃ ይታያል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ቻይናዊው የጠፈር ተመራማሪ ያንግ ሊዌ በ2003 ምድርን ሲዞር ቆይቶ ተመለሰና አላየሁትም አለ፤ እሱ እንኳ ጨረቃ ድረስ አልሄደም። የምናውቀው ያማረው የጡብ ግንብ በአብዛኛው የሚንግ ሥርወ መንግሥት (ከ1368 እስከ 1644) ሥራ ነው። ፍጻሜውስ? በ1644 የማንቹ ሠራዊት ሻንሃይጓን በሚባለው በር ገባ። ግንቡን አልዘለለውም፣ አላፈረሰውም። ዉ ሳንጉዪ የሚባለው የሚንግ ጄኔራል ራሱ በሩን ከፈተለት። የዚያን ጊዜ ቻይና ውስጥ ገበሬው አምፆ፣ ዋና ከተማዋ ተይዛ፣ ንጉሡ ራሱን ገድሎ ነበር። ይኼ ሁሉ ግንብ ከውስጥ የፈረሰ አገርን አላዳነም። የምንወዳደር ከሆነ እስቲ ይኼንንም ጨምረን እንወዳደር።

ሁለተኛው ሰውዬ ግን ይብሳል። የመጀመሪያው ቢበዛ ያስቃል፤ ሁለተኛው ያጫርሳል።

«ካቡ እዚህ ካለ ድንበሩም እዚህ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬም እዚህ ነው» ይለናል። ካብን እንደ ቤት ካርታ ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሊሄድ ነው። እሺ፣ ካርታ እንቁጠር። የሃላላ ካብ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በላዩ ላይ የተሰመረው ካርታ ግን ስንት ጊዜ ተለወጠ? ከደርግ ውድቀት በፊት ዳውሮ በከፋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ኩሎ ኮንታ የሚባል አውራጃ ነበር። በ1990ዎቹ ከወላይታ፣ ከጋሞና ከጎፋ ጋር ሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ገባ። በዚሁ ዞን ባለሥልጣናት አራቱን ሕዝቦች በአንድ የመማሪያ ቋንቋ እናስተምራቸው ብለው የአራቱን ስም ፊደል ቆርጠው ቀጠሉና «ወጋጎዳ» አሉት። በ1999 ወላይታ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉም ቀረ። በ2000 ዞኑ ተከፋፈለ፣ ዳውሮ ለብቻው ዞን ሆነ። በ2021 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ዳውሮ ከከፋና ከሌሎች ጋር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መሠረተ። ወላይታ ደግሞ በ2023 በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገባ።

እስቲ ልብ በሉ። አንድ የሃምሳ ዓመት የዳውሮ ሰው ከቀዬው ሳይነሳ ክፍለ ሀገር፣ ዞንና ክልል ተፈራርቀውበታል። ካቡ ይጠብቀው ከነበረባቸው ጎረቤቶች አንዷ ከፋ ዛሬ የአንድ ክልል ልጅ ናት። በ1990ዎቹ በአንድ መጽሐፍ ሊቀላቅሉት የሞከሩት ወላይታ ዛሬ ሌላ ክልል ነው። ታዲያ ካቡ የየትኛው ካርታ ማስረጃ ነው? በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚሰመርና የሚሰረዝ ነገርን በመቶ ዓመታት ድንጋይ ልናጸናው ነው?

ይኼ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። የሮሙ ንጉሥ ሃድሪያን በ122 ዓ.ም. ገደማ ብሪታኒያ ላይ ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ገደማ ግንብ ማሠራት ጀመረ። ብዙ ሰው የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር ይመስለዋል። አይደለም። ግንቡ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ የዛሬው ድንበር ከሱ በስተሰሜን ያልፋል። አንድም ስኮትላንዳዊ «ግንቡ ይመስክር» ብሎ ኒውካስልን ሲጠይቅ አልሰማንም።

ደግሞ ሁለተኛው ሰውዬ የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ካብ የነበረው ዳውሮ ብቻ አይደለም። ወላይታም እጃጆ ኬላ የሚባል የራሷ የመከላከያ ካብ አላት። ከፋም መንግሥቷን በጥልቅ ቦይና በአጥር ታጥራ ነበር። ማለትም ሁሉም ሁሉንም ይፈራ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ብልሃት ዘየደ። ዳውሮም ወላይታም ያንን መከላከያ «ኬላ» ይሉታል። ከፎቶው ሥር ሲሰዳደቡ ያደሩት ልጆች ቅድመ አያቶች ጠላት ሆነው እንኳ አንድ ቃል ይጋሩ ነበር። የተለያየን ነበርን ለማለት የመጣው ምስክር ምን ያህል እንደምንመሳሰል መስክሮ ተመለሰ።

እዚህ ጋ የሚቆጣን አንባቢ ይኖራል። «እናንተ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ማኪያቶ እየጠጣችሁ ታሾፋላችሁ። ያ ሕዝብ እኮ ካቡን የካበው ወዶ አይደለም፤ ልጁ እየተወሰደ፣ ከብቱ እየተዘረፈ ነው» ይለናል። እውነቱን ነው። እኛም በካቢዎቹ ላይ አንዲት ቃል የለንም። ያ ዘመን የዘመቻና የባሪያ ንግድ ዘመን ነበር፤ ከቤቱ ፊት ድንጋይ የደረደረ ሰው ልጁን ነበር የሚጠብቀው። ሐረርንም እንይ። አሚር ኑር ጀጎልን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲያሠሩ ከተማዋ በጦርነት ደክማ ነበር። ግራኝ አሕመድ በ1543 ሞቷል፤ የኦሮሞ መስፋፋት ከተማዋ ደጅ ደርሷል። በዚያ ሰዓት ግንብ መሥራት ብልህነት ነበር፤ ሐረርም ከነባህሏ እዚህ ደረሰች። ፍርሃታቸው የእውነት ፍርሃት ነበር። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሱን ፍርሃት አንተ ለምን ትወርሰዋለህ? እሱ የፈራው ሰው ሞቷል፣ የፈራውም ንጉሥ ሞቷል፣ ባሪያ ፈንጋዩም የለም። የቀረው ድንጋዩና ያንተ ስልክ ነው።

ደግሞ ጀጎል ሌላም ትምህርት አለው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ስድስተኛው በኋላ የተጨመረ ነው። በነዚያ በሮች ቡና፣ ጫት፣ እህልና ጨው ሲገቡና ሲወጡ ኖሩ። በዙሪያው ያለው ገበሬ ቀን ገብቶ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይጋባል። ግንቡ ወራሪን ይመልስ ይሆናል፤ ገበያተኛን ግን አንድም ቀን አልመለሰም፤ ቢመልስ ኖሮ ከተማዋ በርሃብ ታልቅ ነበር። የሚገርመው ወራሪውንም ሁልጊዜ አልመለሰም። በ1875 ግብፆች ገቡ። በ1887 ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ካሸነፉ በኋላ ገቡ፤ ጦርነቱ ያለቀው ከግንቡ ውጭ ሜዳ ላይ ነበር። የወላይታ ኬላ በ1894፣ የከፋ ቦይ በ1897 ጠመንጃ የያዘውን የምኒልክን ጦር አላቆሙም። እንግዲህ ግንብ ጠላትን ያዘገያል፣ ሁልጊዜ አያስቆምም። ከተማን በየቀኑ የሚያኖራት በሩ ነው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ2006 የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ የመዘገበው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያሉትን መስጊዶች፣ ቤቶችና የከተማውን ኑሮ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። ሰው ላይ ጣት ቀስሮ የራስን ጓዳ መደበቅ ነውር ነው።

ከመካከላችን አንዷ የሮብ ገበያ ዘር ናት፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ የቢቸናና የሞጣ አገር። ይኼን ጽሑፍ ስናሰናዳ አያቷ ጋ ደወለች።

«እምዬ፣ በናንተ አገር ድሮ የድንበር ካብ ነበር እንዴ?»

«ምን ያደርግልናል ልጄ፣ አባይ እያለልን!»

አሮጊቷ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገሩን ግን ከማናችንም በላይ ገብቷቸዋል። የጎጃም ካብ አባይ ነው። ሦስት ወገኑን ከቦታል፤ ማንም ንጉሥ እንዲህ ያለ ቦይ አስቆፍሮ አይጨርስም። ታዲያ የጎጃም ሰው ካቡን ምን አደረገው? ተሻገረው። ከሞጣ ወደ ጎንደር ወገን በሚያሻግረው መንገድ በዐፄ ፋሲል ዘመን (ከ1632 እስከ 1667) የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። ጣልያን በመጣ ጊዜ አርበኞች መሃሉን ሰበሩት፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ጣልያን ወጣ፣ ስብራቱ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላ ለስንት አሥርት ዓመታት ሰው በተሰበረው ድልድይ ክፍተት ላይ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር። ከሥር አባይ። ለምን? ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለሐኪም። ክፍተቱ በ2002 በብረት ተጠገነ፤ እሱንም ጎርፍ ወሰደው፤ ሰዉ እንደገና ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለት ተሻገረ።

ይኼንን ታሪክ የያዘ ሕዝብ ልጆች ነን እኛ። አባቶቻችን ወራሪ ሲመጣ ድልድይ ሰበሩ፤ ወራሪው ሲሄድ በገመድ ተንጠልጥለው ተሻገሩ። ሁለቱንም ያውቁበት ነበር። እኛ የወረስነው መስበሩን ብቻ ነው። ማታ ማታ ስልካችንን ይዘን «አባይ ድንበራችን»፣ «ከአባይ ወዲያ የእነ እከሌ» እያልን የምንጽፈው እኛው ራሳችን አይደለንም እንዴ? የዳውሮውን ልጅ የሰደብንበት አፍ ይኸው ነው።

አያትየው ይኼንንም ጨመሩ። ቀድሞ ሮብ ሲደርስ ሰው ከየትም ይመጣ ነበር፤ ማን የየት አገር ሰው እንደሆነ የሚታወቀው በያዘው ነገር ነበር፤ ይኼ በርበሬ፣ ያ በግ፣ ያኛው አሞሌ። «አሁን ግን» አሉ፣ «መጀመሪያ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ።»

ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ ሰው ይኼን ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አያስፈልገውም። ኬላ የሚለው ቃል ለሃላላ ዘመን ሰው መከላከያ ነበር። ለኛ ትውልድ ኬላ ማለት ምን ማለት ነው? ገመድ ተወጥሮ፣ ሚኒባሱ ቆሞ፣ «መታወቂያ!» ሲባል ሆድህን የሚቆርጥህ ነገር ነው። በኦሮሚያም፣ በአማራም፣ በሌላውም አገር መንገደኛ ያውቀዋል። የጥንቱ ኬላ ወራሪን ያቆም ነበር፤ የዛሬው የሚያቆመው ተማሪን፣ ነጋዴን፣ በሽተኛን ነው። ካብ ለካብ መተያየት ሲባል ተረት ይመስለን ነበር፤ አሁን የምንኖርበት ነው።

እና ምን ይሁን ትላላችሁ?

አንደኛ፣ ካቡ ይለካ። በፉከራ ሳይሆን በቀያሽ፣ ረድፍ በረድፍ፣ በር በበር። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ሰው ያስመርቃሉ፤ የታሪክ፣ የአርኪዮሎጂና የቅየሳ ተማሪ አንድ ክረምት ቢዘምትበት ከአንድ ሺህ ፖስት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ይማሩት። በ«ገበታ ለሀገር» የኮይሻ ፕሮጀክት ውስጥ ሃላላ ኬላ የሚባል ሪዞርት ተሠርቷል። ደግ ነው፤ ስሙ ወጣ። ግን አንድ ልጅ የገዛ አገሩን ካብ በመኝታ ክፍል ማስታወቂያ ቀድሞ መስማት የለበትም። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ጀጎል፣ የሃላላ ካብና እጃጆ ኬላ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ያኔ ልጁ ማን ከማን እንደተጣላ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ምን እንደፈራና በየት በኩል በር እንደተወ ያያል።

ሦስተኛ፣ የአገሬው ሰው ይጠየቅ። ካብ ካልተጠገነ ይናዳል ብለናል። ካቡ ከእርሻው ጋር የሚዋሰነው ገበሬ ድንጋዩን መልሶ የሚክብበት ምክንያት ያግኝ፤ ከቱሪስቱ ገንዘብ ይድረሰው። ያለበለዚያ ድንጋዩ ነገ የበረት አጥር ቢሆን አንፈርድበትም።

አራተኛው ለሁለታችሁ ነው፤ ከፎቶው ሥር ለጻፋችሁት። አንተ ባንዲራ የደረደርከው፣ ቻይናን ተዋትና ካቲ ሃላላ ማን ነው ብለህ አንድ የዳውሮ ሰው ጠይቅ። አንተ ድንበር የቆጠርከው ደግሞ፣ በካቡ ሥር የሚፈሰውን ኦሞን ተመልከት። ድሮ በዳውሮና በወላይታ መካከል ጠላት የማያሻግር ወንዝ ነበር። ዛሬ በሁለቱ መካከል የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ቆሞበታል፤ በ2016 ተመረቀ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስድብህን የጻፍክበት ስልክ ቻርጅ የተደረገው ምናልባት በዚያ ውኃ ነው።

አያትየውን ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት አንድ ነገር ጠየቅናቸው። ሮብ ይሄዱ ይሆን?

«መንገዱ ከተከፈተ» አሉ፣ «ምን ከልክሎኝ!»